ውሳኔው ከውኃው በፊት ነው

በሰሜን ካሊፎርኒያ ጠረፍ ባሕሩ በጣም የሚቀዘቅዘው በታኅሣሥና በጥር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ከመጋቢት እስከ ሰኔ ከሰሜን ምዕራብ የሚነሣው ብርቱ ነፋስ የላይኛውን ውኃ እየገፋ ከዳርቻው ያርቀዋል፤ በምትኩ ከጥልቁ የቀዘቀዘው ውኃ ይወጣል። ሚያዝያ ላይ ፀሐይዋ ደምቃ፣ ኮረብታው አረንጓዴ ለብሶ ሳለ ውኃው 10 ወይም 11 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊሆን ይችላል። ሰማዩን ብቻ አይቶ ከቤቱ የተነሣ ሰው የሚታለለው በዚህ ነው።

እኔ ማዕበል የምጋልበው ያለ ሰሌዳ ነው። ቦዲሰርፊንግ ይሉታል። እግር ላይ ፊን የሚባል አጠር ያለ የጎማ መቅዘፊያ፣ ገላ ላይ ዌትሱት የሚባል ጥብቅ የጎማ ልብስ፣ ከዚያ ውጭ ምንም የለም። ሰሌዳ ያለው ሰው ከውኃው በላይ ተቀምጦ ተራውን ይጠብቃል፤ እኛ ግን ጭንቅላታችን ብቻ ነው ከላይ የሚታየው። ውኃ ደግሞ ከአየር በ25 እጥፍ ገደማ ፈጥኖ የሰውነትን ሙቀት ይነጥቃል። መጀመሪያ ጣት ይደነዝዛል፤ ቀጥሎ፣ ሰውየው ሳይታወቀው፣ ማመዛዘን ይደክማል። ለዚህ ነው የዚህ ሙያ ዋና ውሳኔዎች በሙሉ ገና ልብስ ሳይወልቅ መኪናው አጠገብ ማለቅ አለባቸው የምለው፦ የት እንደምንገባ፣ የት እንደምንወጣ፣ መቼ እንደሚበቃን። ውኃ ውስጥ ሆኖ የሚወስነው ሰው በከፊል የደነዘዘ ሰው ነው።

ጉዞው የሚጀምረው በዋዜማው ማታ ነው። ከሳን ፍራንሲስኮ በስተምዕራብ፣ ከጠረፉ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ቁጥሩ 46026 የሆነ ተንሳፋፊ መለኪያ መልሕቅ ጥሎ ቆሟል። የማዕበሉን ቁመት፣ በአንዱና በሚቀጥለው ማዕበል መካከል ያለውን ሰከንድ፣ የውኃውን ሙቀት ሳይቀር ያሳውቃል። አብዛኛው ሰው የሚያየው ቁመቱን ነው፤ እኔ ሰከንዱን አስቀድማለሁ። 2 ሜትር በ8 ሰከንድ ከሆነ በቅርብ ነፋስ የተናጠ፣ የተዘበራረቀ ባሕር ነው፤ ያደክማል እንጂ አያስጋልብም። 2 ሜትር በ16 ሰከንድ ከሆነ ግን ከሩቅ አውሎ ነፋስ ተነሥቶ ውቅያኖሱን አቋርጦ የመጣ ኃይል ነው፤ በጥልቅ ውኃ በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፣ ጥልቀቱ ሲያንስ ደግሞ ከተነበበው ቁመት በላይ ይነሣል። ቁመቱ በወረቀት ላይ አንድ ነው፤ ባሕሩ ግን ሁለት የተለያየ ባሕር ነው። ሁለተኛውን ሳነብ ከኦክላንድ ተነሥቼ በሀይዌይ 1 ወደ ሰሜን የምሄድበትን ሐሳብ ትቼ ከነፋስና ከትልቅ ማዕበል የተከለለ ቦታ እፈልጋለሁ። ሶኖማ ውስጥ እንደ ጎት ሮክ ያለ ቁልቁለታማ ዳርቻ በእንዲህ ያለ ቀን ቆሞ ለማየት እንኳ አደገኛ ነው፤ ማዕበሉ አሸዋው ላይ የቆመን ሰው ጠርጎ ይወስዳል።

ስለ ልብሱ ጥቂት ልበል፤ ታሪኩ የሰፈራችን ታሪክ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1951 ከኦክላንድ አጠገብ ባለው በበርክሊ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ሊቅ የነበረው ሂዩ ብራድነር ጠላቂ ዋናተኛ እንዲሞቀው የግድ ደረቅ መሆን እንደማያስፈልገው አስተዋለ። ሙቀቱን የሚይዘው ልብሱ በተሠራበት ጎማ፣ በኒዮፕሪኑ ውስጥ የታሰረው የጋዝ አረፋ ነው። በዓመቱ ጃክ ኦኒል በሳን ፍራንሲስኮ ኦሽን ቢች አጠገብ ሱቁን ከፈተ፤ ዌትሱትንም ለማዕበል ጋላቢዎች በማዳረስ ስሙ ገነነ። ለእኛ ከውፍረቱ ይልቅ በልክ መሆኑ ይበልጣል። ማዕበል በፍጥነት ሲወስድህ ውኃው በአንገትህ በኩል ይገባል፤ ልብሱ ወገብ ላይ ከሰፋ ደግሞ ያሞቅኸው ውኃ ወጥቶ በየግልቢያው አዲስ ብርድ ይተካል። በሰው ልክ የተሠራ 4 ሚሊ ሜትር ሰፊ ከሆነው 5 ሚሊ ሜትር ይሻላል። ኮፍያ፣ ጓንትና በፊኑ ውስጥ የሚለበስ የኒዮፕሪን ካልሲ ይጨመሩበት።

አገባቡ ቀስ ብሎ ነው። በካናዳ የማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ ጎርደን ጊስብሬክት ያለ መከላከያ በረዶ ውኃ ውስጥ ለገባ ሰው ያስቀመጡት ስሌት አለ፦ ትንፋሽን ለመቆጣጠር 1 ደቂቃ፣ እጅና እግር ለመታዘዝ 10 ደቂቃ፣ ራስን እስከ መሳት 1 ሰዓት። ዌትሱት ጊዜውን ያራዝመዋል፤ ቅደም ተከተሉን ግን አይለውጠውም። ፊት ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ሲያርፍ ደረት በድንገት አየር ይስባል፤ ያ ትንፋሽ አፍ ከውኃ በታች ሳለ ከመጣ ውኃ ይገባል። ስለዚህ ወገብ በሚደርሰው ቆሜ ፊቴን እየታጠብኩ፣ ወደ ውጭ ረጅም እያስተነፈስኩ እጠብቃለሁ። ትንፋሼ ሳይረጋ ወደ ውስጥ አንድ እርምጃ አልጨምርም።

ግልቢያው ራሱ እንዲህ ነው። ማዕበል የሚሰበረው ጥልቀቱ ከቁመቱ ጥቂት ብቻ ሲበልጥ ስለሆነ 1 ሜትር የሆነው ወገብና ደረት መካከል በሚደርስ ውኃ ላይ ይወድቃል፤ መጠበቂያው ከዚያ ትንሽ ወጣ ብሎ ነው። ማዕበሉ ሲቀርብ ከሆድ ሥር ያለው ውኃ ወደ ኋላ ሲሳብ ይሰማል። መነሻው ያ ስበት ነው። ሦስት አራት ብርቱ የፊን ምት፣ አንድ ረጅም ቀዘፋ፤ ከዚያ ገላ እንደ ጣውላ ይደርቃል። ወደ ቀኝ የምሄድ ከሆነ ቀኝ ክንዴ ወደ ፊት ተዘርግቶ መዳፌ ውኃውን ይጫናል፣ ግራው ከጎኔ ይቀራል፣ ደረቴ ቀና ይላል። ወደ ዳርቻው ቀጥ ብሎ መሄድ አረፋ ውስጥ መውደቅ ነው፤ ጎን ለጎን ሲሄዱ ግን ገና ያልተሰበረው ግድግዳ ፊት ለፊት ይከፈታል። ጓንት ውስጥ ያለው መዳፍ ውኃውን በደንብ ስለማይሰማው፣ በብርድ ጊዜ የማዕበሉን ቁልቁለት የማነበው በደረቴና በጭኔ ነው። ሞቃት ባሕር ላይ የለመደ ሰው ይህንን እንደገና ይማራል። ግድግዳው ሊዘጋ ሲል ራሴን ወደ ማዕበሉ ውስጥ አስገብቼ በጀርባው በኩል እወጣለሁ። ጥልቀት በሌለው ቦታ ጭንቅላት አስቀድሞ መውረድ አንገት ይሰብራል፤ ስለዚህ እጅ ሁልጊዜ ከጭንቅላት ይቀድማል።

አብሮኝ የሚወርደው በዕድሜ የሚበልጠኝ የሰፈሬ ሰው ነው፤ ጋሼ ነው የምለው። ውላችን አጭር ነው፦ ቀድሞ «እንውጣ» ያለ ይሰማል፣ ክርክር የለም። በየግልቢያው መካከል አውራ ጣታችንን ከትንሿ ጣት ጋር እናጋጥማለን። አልገጥም ካለ ማዕበሉ ቢያምርም ወጥተናል። «ጋሼ፣ እንውጣ» ስለው «አንድ ብቻ» ብሎኝ አያውቅም። በዚህ ሙያ ከዚህ የበለጠ ጓደኝነት አላውቅም።

ከወጡ በኋላም ሥራው አላለቀም። የውስጥ ሙቀት ለ20 ወይም ለ30 ደቂቃ ያህል መውረዱን ሊቀጥል ይችላል፤ ከቀዘቀዙት እጅና እግር የሚመለሰው ደም ቅዝቃዜውን ይዞ ይመጣልና። ስለዚህ ልብሱ አስቀድሞ በአለባበስ ተራው ተደርድሮ ይቀመጣል፦ ከላይ የሱፍ ኮፍያና ሹራብ፣ ቀጥሎ ሱሪ፣ መጨረሻ ካልሲ። በጀሪካን የተያዘ ለብ ያለ ውኃ እግር ላይ ይፈስሳል፤ የፈላ መሆን የለበትም፣ የደነዘዘ ቆዳ መቃጠሉን አይነግርህም። በፔርሙዝ ጣፋጭ የዝንጅብል ሻይ አለ። መንቀጥቀጡ እስኪያልፍ መሪ አልይዝም።

እዚህ ቤይ ኤሪያ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ብዙዎቻችን ባሕር ከሌለው አገር የመጣን ነን፤ እኔም ዋና የተማርኩት ላንጋኖ ነው፣ ሐይቅ ደግሞ እንዲህ ያለ ጉልበት የለውም። ልጆቻችሁን መጀመሪያ በገንዳ ዋና አስተምሯቸው። ከዚያ በሐምሌና በነሐሴ የነፍስ አድን ጠባቂዎች በሚገኙበት በስቲንሰን ቢች፣ ወገብ በሚደርስ ውኃ ትንሽ ትንሽ ማዕበል ይልመዱ። ጠባቂዎቹን ጅረት ወደ ውስጥ የሚጎትትበት ቦታ የት እንደሆነ ጠይቋቸው፤ በደስታ ያሳያሉ። ብቻችሁን ግን አትግቡ።