አሮጌው ማሽን በአዲሱ ሆድ ውስጥ

የቪዲዮ ጨዋታ ነገር በመምህራን መካከል ሲነሣ ውይይቱ ከወቀሳ አልፎ ሲሄድ እምብዛም አይታይም። ተማሪው የቤት ሥራውን ትቶ ጨዋታ ቤት ዋለ፤ ለደብተር የተሰጠውን ገንዘብ እዚያው ጨረሰ እንላለን። ወቀሳው መሠረት የለውም አንልም። ይሁን እንጂ ልጆቻችን ይህን ያህል ሰዓት የሚሰጡት መሣሪያ እንደ ማንኛውም የሰው እጅ ሥራ ሊመረመር የሚገባው ነው። መጽሐፉን ሳያነብ የሚተች ሰው እንደሚያሳፍረን ሁሉ መሣሪያውን ሳያውቁ መተቸትም ሊያሳፍረን ይገባል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ አንድ ጥያቄ ብቻ ነጥለን እናያለን፤ ይኸውም የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን በተከታዩ በፕሌይስቴሽን ሁለት ላይ ያሳደረው ተጽዕኖ ምን ነበር የሚለው ነው።

ጥያቄውን እንድናነሣ ያደረገን ካርቱም ነው። በአል-ጣኢፍና በአካባቢው ሠፈሮች፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ጦርነቱ ከመፈንዳቱ በፊት፣ በቤት አማርኛ ወይም ትግርኛ፣ በመንገድ ዓረብኛ፣ በክፍል ደግሞ እንግሊዝኛ እየሰሙ የሚያድጉ የአገራችን ልጆች ነበሩ። በዓረብኛ ተናጋሪዎች ዘንድ ማንኛውንም የጨዋታ መሣሪያ «አታሪ» ማለት የተለመደ ነው። ማሽኑ የጃፓን፣ ስሙ የአሜሪካ መሆኑ ለሚጫወተው ልጅ ደንታው አይደለም። ስያሜው ግን ሳይታሰብ አንድ እውነት ይዟል። አታሪ እ.ኤ.አ. በ1986 በአሜሪካ ለገበያ ያወጣው 7800 የተባለው መሣሪያ በ1977 ለወጣው ለቀድሞው 2600 የተሠሩትን ካሴቶች ይቀበል ነበርና፣ አሮጌውን በአዲሱ ውስጥ ማኖር የተጀመረው ከሶኒ በፊት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ለጉዳያችን የሚቀርበው ግን ሴጋ የሠራው ነው። የሴጋ ማስተር ሲስተም ዋና አንጎል ዜድ-80 የተባለ ፕሮሰሰር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1988 ሜጋ ድራይቭ ሲወጣ ይኸው ዜድ-80 አልተጣለም፤ በአዲሱ ማሽን ውስጥ ድምፅ እንዲያስተናግድ ተመደበ። በመሸጋገሪያ ዕቃ አማካይነት የማስተር ሲስተም ጨዋታ ሲገባ ደግሞ ወደ ጥንት ሥልጣኑ ይመለስ ነበር። ሶኒን ስናመሰግን ይህን የሴጋን ብልኀት መዘንጋት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል።

ፕሌይስቴሽን እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 3 ቀን 1994 በጃፓን ለሽያጭ ሲቀርብ እርሱም ያለ ወላጅ አልመጣም። መነሻው ሶኒ ከኒንተንዶ ጋር ለሱፐር ፋሚኮም የሲዲ ማጫወቻ ለመሥራት ያደረገው ስምምነት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 ኒንተንዶ ፊቱን ወደ ፊሊፕስ ባዞረ ጊዜ፣ ኬን ኩታራጊ የተባለው መሐንዲስ የሚገኝበት የሶኒ ቡድን የራሱን መሣሪያ ወደ መሥራት ሄደ። በቀኝ አውራ ጣት ሥር በመስቀል ቅርጽ የተቀመጡት አራት ቁልፎችና በጠቋሚ ጣት የሚጫኑት የላይ ቁልፎች በሱፐር ፋሚኮም እጀታ ላይ ቀድመው የታዩ ናቸው። የሶኒ የራሱ የሆነው በቁልፎቹ ላይ በፊደል ፋንታ ምልክት ማኖሩ ነው፤ ሦስት ማዕዘን፣ ክብ፣ መስቀልና አራት ማዕዘን። በሦስት ቋንቋ መካከል ለሚያድግ ልጅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ፊደል ያልቆጠረው ታናሽ ወንድምም «ክቡን ተጫን» ሲባል ይገባዋል። (ክቡ «አዎ»፣ መስቀሉ «አይሆንም» እንዲሆን ታስቦ ሳለ በምዕራባውያን ቅጂዎች ትርጉማቸው ተገላብጧል። በአንድ ጨዋታ ቤት የጃፓን ዲስክና የአሜሪካ ዲስክ ጎን ለጎን ሲገኙ ምን ዓይነት ጭቅጭቅ እንደሚነሣ አንባቢ ይገምት።)

እ.ኤ.አ. መጋቢት 4 ቀን 2000 ፕሌይስቴሽን ሁለት ወጣ። ዋናው ፕሮሰሰሩ በሴኮንድ ወደ 295 ሚሊዮን ጊዜ ይመታል፤ የአሮጌው ወደ 34 ሚሊዮን ብቻ ነበር። የሥራ ማኅደረ ትውስታው ከ2 ሜጋባይት ወደ 32 ከፍ ብሏል። እንዲህ ያለ ኃይል የያዘ መሣሪያ ያለፈውን ከነጭራሹ ቢረሳው ማንም ባልተደነቀ ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። የሶኒ መሐንዲሶች የፕሌይስቴሽን አንድን ዋና ፕሮሰሰር በአዲሱ ሆድ ውስጥ አኖሩት። አዲስ ጨዋታ ሲካሄድ አሮጌው የበር ጠባቂነት ሥራ አለው፤ ከእጀታው የሚመጣውን ትእዛዝ ይቀበላል፣ ሜሞሪ ካርዱን ያነባል፣ ከዲስኩ የሚመጣውን ያስተላልፋል። አሮጌ ዲስክ ሲገባ ግን አገልጋዩ ተነሥቶ ጌታ ይሆናል፤ ጨዋታውን እንደ ቀድሞው እርሱ ራሱ ይመራል። የጡረታ ሽማግሌ በልጁ ቤት ደጁን እየጠበቀ ቢኖር፣ የቀድሞ ወዳጆቹ ሲመጡ ደግሞ ወንበሩ ላይ ተመልሶ ቢቀመጥ ይህን ይመስላል። በእኛ አስተያየት የመሣሪያው ትልቁ ውበት ይህ ነው፤ ቁጠባም፣ አክብሮትም በአንድ ቺፕ ተገኝተዋልና።

ጥቅሙ ለማን እንደነበረ ማስተዋል ያስፈልጋል። በየዓመቱ አዲስ ዲስክ ለሚገዛ ቤት የአሮጌ ዲስክ መሥራት ትርፍ ነገር ነው። ኑሮው በስደት ለሆነ፣ ማሽኑን ከሁለተኛ ወይም ከሦስተኛ እጅ ለሚገዛ ሰው ግን አሥርና ሃያ ዲስክ ማለት ያለው ሀብት ሁሉ ነው። አዲሱ ማሽን የድሮውን ሲቀበል ሀብቱ አልጠፋበትም። እጁ የለመደውም እንዲሁ። የፕሌይስቴሽን ሁለት እጀታ ከቀድሞው በቅርጹ የማይለይ በመሆኑ፣ በአሮጌው ላይ ኳስ መምታት የተማረ ልጅ በአዲሱ ላይ እንደገና ጀማሪ አልሆነም። አዲስ የመማሪያ መጽሐፍ በመጣ ቁጥር ተማሪው ከፊደል እንዲጀምር የተገደደ ያህል የሆነበት ጊዜ ያጋጠመን ሁሉ ይህን እናደንቃለን።

ነቀፌታም አለን። አሮጌው ጨዋታ በአዲሱ ማሽን ላይ ያገኘው ማሻሻያ ዲስኩን በፍጥነት ማንበብና የሥዕሉን ገጽታ ማለስለስ ብቻ ነበር፤ ሁለቱም ደግሞ በምርጫ ገጽ ውስጥ ተደብቀው ብዙ ሰው ሳያውቃቸው ቀሩ። ከዚህ የከፋው የሜሞሪ ካርዱ ጉዳይ ነው። የአዲሱ ካርድ 8 ሜጋባይት የሚይዝ ሲሆን የአሮጌው 128 ኪሎባይት ብቻ ነበር። ቢሆንም የአሮጌ ጨዋታ ውጤት ለማስቀመጥ የግድ አሮጌው ካርድ መኖር ነበረበት። ስድሳ እጥፍ ሰፊ ጎተራ ተሠርቶ የአባት እህል አይገባበትም ማለት ምን ዓይነት አሠራር ነው? ካርዱ የሌለው ልጅ መብራት በጠፋ ቁጥር ከመጀመሪያው ይጀምራል።

ፕሌይስቴሽን ሁለት ከ155 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል፤ ምርቱም እስከ 2013 መግቢያ ድረስ ቆይቷል። ለዚህ ስኬት የዲቪዲ ፊልም ማጫወቱና የጨዋታዎቹ ብዛት ዋና ምክንያቶች እንደነበሩ አንክድም፤ የአባቱን ዲስኮች ይዞ ገበያ መግባቱም ድርሻ እንደነበረው ግን እናምናለን።

ሶኒ ይህን መንገድ ይዞ ቢቀጥል ኖሮ ጽሑፋችን እዚህ ባበቃ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2006 በጃፓንና በአሜሪካ የወጣው የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ሦስት የሁለትን ቺፖች በውስጡ ይዞ ነበር። ይሁን እንጂ ዋጋው በአሜሪካ 499 እና 599 ዶላር ሆነና፣ ወጪ ለመቀነስ ሲባል ቺፖቹ ተራ በተራ ወጡ፤ በ2007 መጨረሻ የመጣው ባለ 40 ጊጋባይቱ ዓይነት የፕሌይስቴሽን ሁለትን ዲስክ ጭራሽ አልተቀበለም። የሚያስቀው የፕሌይስቴሽን አንድን ዲስክ መቀበሉን አለማቆሙ ነው። የልጅ ልጅ አያቱን እያወቀ አባቱን «አላውቅህም» አለ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ አያቱን በሶፍትዌር መምሰል ይቻላል፣ አባቱ ግን ከባድ ነበር። ፕሌይስቴሽን አራት በ2013 ሲመጣ የሦስቱንም ዲስክ ዘጋ።

እ.ኤ.አ. በ2018 ሶኒ ራሱ ፕሌይስቴሽን ክላሲክ የተባለ ትንሽ መታሰቢያ መሣሪያ ሃያ የጥንት ጨዋታዎች ሞልቶ ሸጠ። በውስጡ ጨዋታዎቹን የሚያስኬደው ግን አሮጌው ቺፕ አልነበረም፤ ፈቃደኛ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ከኩባንያው ውጭ ሠርተው በነፃ የለቀቁት ሶፍትዌር ነበር።