ቁስሉን ሳያስቆጡ

የጠበበ የልብ ደም ቧንቧን ከፍቶ የሚይዘው ስቴንት መዳፍ ላይ ሲያርፍ ክብደቱ አይታወቅም። ለማሳያ የተዘጋጀውን አንዱን በማጉያ መነጽር አይቼዋለሁ፦ ርዝመቱ ሁለት ሳንቲ ሜትር የማይሞላ፣ ተከፍቶ ወርዱ ሦስት ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ የብረት መረብ። ዚግዛግ የሚሄዱ ቀለበቶች ተደርድረው፣ አንዱ ከሌላው በአጫጭር ድልድዮች ተያይዟል። ስለት ያለው ጠርዝ ቢፈለግ አይገኝም። ከጎተራ እስከ ሳሪስ ባሉት ብረታ ብረት ቤቶች ከቶርኖና ከብየዳ ጋር ያረጀ ሰው ቢያየው በመጀመሪያ የሚፈልገው የተበየደበትን ቦታ ይመስለኛል። አብዛኛው ስቴንት ብየዳ የለውም። ከአንድ ቀጭን የኮባልትና የክሮሚየም ቱቦ በሌዘር ተፈልፍሎ ይወጣል፤ ሌዘሩ የተወውን ሻካራ በኬሚካል ውስጥ በኤሌክትሪክ ያለሰልሱታል። የዛሬዎቹ ዘንጎች ውፍረት በብዛት ከ60 እስከ 80 ማይክሮ ሜትር ነው፤ የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም።

እዚሁ መካኒሳ አንድ ጎረቤቴ ታክመው ሲወጡ የአንጂዮግራማቸው ፊልም በሲዲ ተሰጥቷቸው ነበርና አብረን አየነው። ቀለሙ ሲረጭ የልብ ደም ቅዳ ቧንቧዎች ጠቁረው ይወጣሉ፤ ከፊት ለፊት የሚወርደው ቧንቧ መሐሉ ላይ ሲደርስ ሊጠፋ ምንም አይቀረውም። ከዚያ መንገድ መሪው ሽቦ ይመጣል። ውፍረቱ 0.36 ሚሊ ሜትር ነው። ሐኪሙ ከማስገባቱ በፊት ለስላሳ ጫፉን በጣቱ ትንሽ ያጎብጠዋል፤ የሚነዳው በዚያች ጉብጠት ነው። የሚገባው ከእጅ አንጓ፣ ካቴተር በሚባል ወርዱ ሁለት ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦ ውስጥ ሲሆን ሐኪሙ ውጪ ያለውን ጫፍ በሁለት ጣቶቹ እያሽከረከረ ልብ ላይ ያለውን ጫፍ ያዞራል። ልቡ ደግሞ ቆሞ አይጠብቀውም፤ በእያንዳንዱ ምት ቧንቧው ከነሽቦው ይወዛወዛል። ያን የጠበበ ቦታ ሽቦው ሳይወጋ፣ ሳይቧጭር ሲያልፈው ትንፋሼን ይዤ ነበር።

ፊኛውና በላዩ የተጣበቀው ስቴንት ሽቦውን ተከትለው ገቡ። «ሐኪሙ በዚያን ሰዓት ‹ጋሼ፣ አሁን ደረትዎን ጫን ሊልዎት ይችላል፤ አይደንግጡ› አሉኝ» ብለው ጎረቤቴ ነገሩኝ። ፊኛው ሲነፋ ደሙ ለጥቂት ሰኮንዶች ይቆማልና ነው። ተነፍቶ፣ ተንፍሶ ሲወጣ ቀለሙ ያንኑ ቧንቧ እስከ መጨረሻው ሞልቶት ወረደ።

እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን ከዚያ በኋላ ላለው ጊዜ የተደከመበት ነው። አንድሪያስ ግሩንትዚግ የተባለው ሐኪም ፊኛዎቹን በቤቱ የማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ እየሠራ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 16 ቀን 1977 ዙሪክ ውስጥ የአንድን የ38 ዓመት ሰው የልብ ቧንቧ ሲከፍት ሥራው ያለቀ ይመስል ነበር። የዚያ ሰው ቧንቧ ለብዙ ዓመታት እንደተከፈተ ቆየ። በሌሎች ግን ከሦስት ሕሙማን በአንዱ ገደማ ቧንቧው በወራት ውስጥ ተመልሶ ይጠብ ነበር። ፊኛ ቧንቧን የሚከፍተው ሰንጥቆ ነው። የተለጠጠው ግድግዳ ወደነበረበት ይሰበሰባል፤ ቁስሉም ይቆጣል፤ የግድግዳው የጡንቻ ሕዋሳት ለመጠገን ብለው ይባዙና መንገዱን ይሞሉታል።

መሰብሰቡን ስቴንት ከለከለው። አርጀንቲናዊው ሁሊዮ ፓልማዝ ሐሳቡን ያገኘው ጋራዥ ውስጥ ወድቆ ካገኘው የልስን መረብ ነው፤ ላሜራ በስልት ተሰንጥቆ ሲለጠጥ ዓይን የሚያወጣው፣ አንዴ ከተከፈተ የማይመለሰው ዓይነት። የመጀመሪያው ስቴንት ሰው ልብ ውስጥ የገባው በሌሎች ሐኪሞች እጅ፣ እ.ኤ.አ. በ1986 ቱሉዝ ነበር። ቁጣውን ግን ብረት ብቻውን አላበረደውም፤ ሥጋው በመረቡ ዓይኖች መሐል አልፎ ያድግ ነበር።

መፍትሔው የመጣው ከኢስተር ደሴት አፈር ነው። በዚያ የተገኘ ባክቴሪያ የሚሠራው ሲሮሊመስ የሕዋሳትን መራባት ይገታል። በስቴንቱ ላይ በስሱ ተቀብቶ በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያለ እንዲለቀቅ ተደረገ፤ እ.ኤ.አ. በ1999 መጨረሻ ሳኦ ፓውሎ ውስጥ ኤድዋርዶ ሱዛ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ላይ ሞከሩት። ተመልሶ መጥበብ በእጅጉ ቀነሰ። ሆኖም መድኃኒቱ ክፉውንም ደጉንም ሕዋስ ያዘገያል። ብረቱን ሊያለብሰው የሚገባው ስስ ሽፋን ሲዘገይ ደም በባዶው ብረት ላይ ሊረጋ ይችላል። ከዚያ ወዲህ የተሠራው ሁሉ ልክ የማግኘት ሥራ ነው፦ ዘንጉን ከቀድሞው 140 ማይክሮ ሜትር ወደ ግማሹ ማቅጠን፣ ቅቡን ማሳሳት፣ ለቁጣው የሚበቃውንና ፈውሱን የማያግደውን መጠን መለየት። በዚህ የእጅ ሥራ ውስጥ ከሁሉ የማከብረው ይህን ቁጥብነት ነው።

በአገራችን ልብን በካቴተር በማከም ከፈር ቀዳጆቹ አንዱ በስዊድን የሠሩት ዶ/ር ፍቅሩ ማሩ ያቋቋሙት አዲስ ካርዲያክ ሆስፒታል ነው። ዛሬ ባንኮክና ሕንድ ሳይሄድ እዚሁ ከተማ ታክሞ ላፍቶ ቤቱ የሚገባ ሰው አለ። ጎረቤቴ አስፒሪንና ክሎፒዶግሬላቸውን በየማለዳው ይውጣሉ፤ ሐኪሙ ሳያዙ አንዱንም አያቋርጡም። ብረቱ ሽፋኑን እስኪለብስ ደሙ እንዳይረጋ የሚጠብቁት እነዚህ ክኒኖች ናቸው።

ስቴንቱ ውስጥ ተመልሶ ለጠበበባቸው ደግሞ ሌላ ብልሃት አለ፦ መድኃኒት የተቀባ ፊኛ። ጠባቡ በተራ ፊኛ ከተከፈተ በኋላ ይህኛው ይገባል፤ ተነፍቶ ግድግዳውን ከግማሽ እስከ አንድ ደቂቃ ይጫናል፤ መድኃኒቱ ከፊኛው ወደ ሥጋው ይሻገራል። ከዚያ ፊኛው ተንፍሶ ይወጣል፤ ሌላ ብረት በብረት ላይ አይደረብም።