«ማጽደቅ»፦ የቃሉ ሥርና የሚያሸክመው ኀላፊነት

ቋንቋ ከኅብረተሰቡ ኑሮ ጋር አብሮ የሚያድግ መሣሪያ እንደ መሆኑ መጠን፣ በየጉባኤው የሚነገሩ ቃላት ከየት እንደ መጡና ምን ኀላፊነት እንደሚያሸክሙ መመርመር የሂስ አንዱ ተግባር ነው። ከእነዚህም መካከል «አጸደቀ» የሚለው ግሥ ይገኛል።

የቃሉ ሥር ግእዝ ነው። «ጸድቀ» እውነተኛ ሆነ፣ ጻድቅ ሆነ ማለት ሲሆን፣ «አጽደቀ» ደግሞ ጻድቅ አደረገ፣ ንጹሕ ነህ ብሎ ፈረደ የሚል ፍቺ አለው። ይኸውም ቃሉ ከመነሻው የፍርድ ቃል መሆኑን ያስረዳል፤ ፍርድ ደግሞ ምርመራን ይቀድማል አይባልም። ዐረብኛም ከዚሁ ሴማዊ ሥር ያወጣውን «ተስዲቅ» የተሰኘ ቃል ለውል ማጽደቂያ ይገለገልበታል።

አማርኛ ይህን ውርስ በሦስት መስክ አሰማርቶታል። በሃይማኖት ረገድ የጸደቀ ሰው ነፍሱ የዳነች ነው። በገበሬው አንደበት የጸደቀ ችግኝ ሥር ሰዶ የለመለመ ነው። በመንግሥት ሥራ ደግሞ የጸደቀ ረቂቅ ሥልጣን ባለው አካል ታይቶ የጸና ነው። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት መሠረት አስፈጻሚው አካል የተዋዋለውን ዓለም አቀፍ ስምምነት የሚያጸድቀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ የጸደቀውም ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ይሆናል። ስለዚህ መፈረምና ማጽደቅ አንድ አይደሉም።

የግሡ ባለቤት ማን ነው የሚለው ጥያቄ የታሪክም ጥያቄ ነው። የ1923ና የ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥታት ከንጉሠ ነገሥቱ ለሕዝቡ የተሰጡ ነበሩ። የ1979 ዓ.ም. ረቂቅ ለሕዝበ ውሳኔ ቀረበ፤ የ1987 ዓ.ም. ደግሞ በተወካዮች ጉባኤ ጸደቀ። የአሠራሩ ጥራት ምንም ያህል ቢያከራክር፣ ቢያንስ በቃሉ ሰዋስው ሕዝቡ ከተቀባይነት ወደ ባለቤትነት ተሸጋግሯል።

በየመሥሪያ ቤቱ ቃለ ጉባኤ የሚታየው አጻጻፍ ግን ይህን ባለቤት መልሶ ይሰውረዋል። «ዕቅዱ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ይባላል፤ ማን እንደ መረመረው፣ ማን እንደ ጠየቀ፣ ምን እንደ ታረመ አይገለጽም። የዕቅዱ አዘጋጆች ራሳቸው እጅ አውጥተው ሲያጸድቁትም ይታያል። አማርኛ ለዚህ ዓይነቱ ተግባር ከቆየ ጀምሮ ስም አለው፤ ጥፋቱን ላለማመን የሚከራከረውን ሰው «ራሱን ያጸድቃል» ብሎ ይነቅፈዋል። ያለ ምርመራ የሚሰጥ ይሁንታ ከዚህ ነቀፋ አያመልጥም።

ገበሬውም ችግኝ በተተከለ ዕለት «ጸደቀ» አይልም፤ በጋውን አልፎ ማቆጥቆጡን ይጠብቃል። የመንግሥት ሠራተኛውም ይህን ጥንቃቄ ሊማርበት ይገባል። መምህራን የቃሉን ሦስት ፍቺዎች አጣምረው ቢያስተምሩ፣ ጸሐፊዎችም በየቃለ ጉባኤው የግሡን ባለቤት በግልጽ ቢያሰፍሩ፣ «አጸደቀ» የሚለው ቃል የምርመራና የተጠያቂነት ቃል ሆኖ ይጸናል።