«ደኅንነት» እና «ጥበቃ»፦ በኤሌክትሮኒክ ጥበቃ ቃላት ላይ የቀረበ ሒስ

አንድ መሥሪያ ቤት በፍኖተ ሰላም ለሚያሠራው ሕንፃ «የተቀናጀ የኤሌክትሮኒክ ደኅንነት ሥርዓት» ለማስተከል ያዘጋጀውን የጨረታ ሰነድ በቅርቡ ለማየት ዕድል አግኝተናል። ካሜራው፣ የበር መቆጣጠሪያው፣ የሌባ ማንቂያ ደወሉና የእሳት ጠቋሚው በዚሁ አንድ ስያሜ ተጠቃለዋል። የሰነዱ አማርኛ በጠቅላላው መልካም ነው። አንድ አንቀጽ ግን አሳስቦናል፤ የኤሌክትሪክ ኃይል ሲቋረጥ በሮቹ «ለደኅንነት» በሚያመች ሁኔታ እንዲቆዩ ያዛል። ተከፍተው ነው ወይስ ተዘግተው?

ጥያቄው የቃላት ጨዋታ አይደለም። በማግኔት የሚሠራው የበር ቁልፍ በሩን የሚይዘው ኃይል እስካለ ድረስ ብቻ ነው፤ ኃይሉ ሲቋረጥ ይለቀዋል። ሌላው ዓይነት ኃይል ቢቋረጥም እንደ ተቆለፈ ይቀራል። እንግሊዝኛው የፊተኛውን በ«ሴፍቲ»፣ የኋለኛውን በ«ሴኩሪቲ» ወገን ይመድባል። የሰነዱ ተርጓሚ ሁለቱንም «ደኅንነት» ስላላቸው ተጫራቹ ከሁለቱ የወደደውን ቢያቀርብ ውሉን አላፈረሰም። በ1911 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ የትራያንግል ሸሚዝ ፋብሪካ ሲቃጠል 146 ሰዎች አልቀዋል፤ ከመውጫዎቹ አንዱ ተቆልፎ ነበር። ንብረት ይጠብቃል የተባለው ቁልፍ ሰውን ከመዳን ከልክሎታል።

አማርኛ ይህን ልዩነት የሚገልጽበት ቃል አጥቶ አይደለም። አንዱን «ሴኩሪቲ» በተባበሩት መንግሥታት ዘንድ «የጸጥታው ምክር ቤት»፣ በጡረታና በእህል ጉዳይ «ማኅበራዊ ዋስትና» እና «የምግብ ዋስትና»፣ በመሥሪያ ቤት በር ላይ ደግሞ «ጥበቃ» እያልን ለየብቻው ስንጠራው ኖረናል። «ደኅንነት» የሚመዘዘው ከግእዙ «ድኅነ»፣ ማለትም «ዳነ» ከሚለው ግሥ ነው፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 «የሙያ ደኅንነት» ሲል የሰውን ከአደጋ መዳን ማለቱ ነው። በሌላ በኩል የብሔራዊ መረጃና ደኅንነት አገልግሎትም የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደርም በዚሁ ቃል ይጠራሉ። (በመሆኑም «የደኅንነት ካሜራ» የሚል ጽሑፍ ያነበበ ባለጉዳይ ካሜራው የማን እንደ ሆነ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።)

ከፍኖተ ሰላም ወደ ደምበጫ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በጅጋ ገጠር የቤት በር ሁለት ዓይነት መዝጊያ አለው። መቀርቀሪያው ከውስጥ ነው፤ የሚያስገባውም የሚያነሣውም በቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ነው። ጓጉንቸር የሚንጠለጠለው ግን ከውጭ ነው፤ ባለቤቱ ገበያ ሲሄድ። ሰው በውስጥ ሳለ ቤትን ከውጭ መቆለፍ ነውር ብቻ ሳይሆን አደጋም መሆኑን ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። የሰነዱ አዘጋጆች ሊለዩት ያልቻሉትን ልዩነት ሁለቱ ቃላት ይዘውት ኖረዋል።

«የተቀናጀ» የሚለውም ቃል ከዚያው ከእርሻ የመጣ ስለ ሆነ ክብደቱ ሊታሰብበት ይገባል። አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች መቀናጆ ሲገቡ በሬዎቹ በአንድ ቀንበር ሥር ይስባሉ፤ በአንድ በረት ስላደሩ ብቻ ተቀናጁ አይባልም። እሳት ጠቋሚው ጢስ ሲያገኝ የበር መቆጣጠሪያው በሮቹን ወዲያው የማይለቅ ከሆነ ዕቃዎቹ በአንድ ደረሰኝ ተገዝተዋል እንጂ አልተቀናጁም። ሰነዱ ይህን ግንኙነት በአንድ መሥመር እንኳ አላነሣም።

ስለዚህ «ደኅንነት» ለሰው ሕይወት፣ «ጥበቃ» ለንብረትና ለመግቢያ እንዲወሰን፣ የጠቅላላው ስያሜም «የተቀናጀ የኤሌክትሮኒክ ጥበቃና ደኅንነት ሥርዓት» እንዲሆን እናሳስባለን። ስያሜው መርዘሙን አንክድም። ለቁልፎቹ አዲስ ቃል መፍጠር አያስፈልግም፤ «ኃይል ሲቋረጥ የሚከፈት» እና «ኃይል ሲቋረጥ የሚቆለፍ» ቢባሉ ኤሌክትሪክ ሠራተኛውም ዘበኛውም ይረዷቸዋል። ለኋለኛው «ከውስጥ ግን ያለ ቁልፍ በእጀታ የሚከፈት» የሚል ሐረግ ይጨመርለት፤ ይህም ውሉ ከመፈረሙ በፊት ቢሆን ይመረጣል።