ዓይንና ፊት፦ «የኦ ታሪክ» በተባለው ልቦለድ የዓይን መሸፈኛና የጭንብል ሚና

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የሴሚናር ክፍለ ጊዜ፣ በፈቃድ መታሰርንና መገዛትን የወሲባዊ ምናባቸው ማእከል ስለሚያደርጉ ልቦለዶች ስንወያይ፣ አንዲት ተማሪ «እጇ ከታሰረ ዓይኗን መሸፈን ምን ይጨምራል?» ስትል ጠየቀችኝ። «ፍርሃቷን ለማባባስ ነው» ብዬ አለፍሁ። መልሱ ግን እኔኑ አላረካኝም። ይህ አጭር ጽሑፍ ያንን ጥያቄ እንደገና ለመመለስ የተደረገ ሙከራ ነው።

ለመነሻ የመረጥሁት በ1954 እ.ኤ.አ. በፓሪስ በፈረንሳይኛ የታተመውን «የኦ ታሪክ» የተሰኘ ልቦለድ ነው። መጽሐፉ ፖሊን ሬአዥ በሚል የብዕር ስም ወጥቶ በ1955 የዴ ማጎ ሽልማትን አግኝቷል። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ኦ በፓሪስ የምትሠራ የፋሽን ፎቶግራፍ አንሺ ናት። ፍቅረኛዋ ሬኔ ሩዋሲ ወደሚገኝ ግንብ ወስዶ ለማታውቃቸው ወንዶች ይሰጣታል፤ ኋላም ሰር ስቲቨን ለተባለ ሰው ያስረክባታል። ሱዛን ሶንታግ በ1967 ባሳተመችው መጣጥፍ ሥራው በሥነ ጽሑፍነቱ መመዘን እንዳለበት ተከራክራለች። አንድሪያ ድዎርኪን ደግሞ በ1974 በጻፈችው መጽሐፍ ሴትን የሚያዋርድ ነው ስትል ነቅፋዋለች። ሁለቱም የሚከራከሩት ስለ ኦ ማንነትና ፈቃድ ነው። እኔ በበኩሌ ወደዚያው ጥያቄ በጨርቁ በኩል መግባት ይሻላል እላለሁ።

ልቦለዱ ሁለት መግቢያዎች አሉት። በሁለተኛው መግቢያ ኦ በመኪና ስትወሰድ እጆቿ ወደ ኋላ ይታሰራሉ፣ ዓይኖቿም ይሸፈናሉ። መኪናውን የሚነዳው እንግዳ ሰው ግን የሚደረገውን ሁሉ አስቀድሞ ይነግራታል። ስለዚህ መሸፈኛው የሚነሣት እውቀትን ሳይሆን ማየትን ነው። ግንቡ ከገባች በኋላ ጨርቁ ይወልቃል፤ ሆኖም ራሷን የምታገኘው በጨለማ ክፍል ውስጥ ነው። እዚህ ላይ ተራኪው ድንገት በአንደኛ መደብ ብቅ ይልና እዚያ ቆማ የቆየችው ግማሽ ሰዓት ይሁን አንድ ወይም ሁለት ሰዓት እንደማያውቅ ይናገራል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እስካሁን ሁሉን የሚያውቅ ይመስል የነበረው ተራኪ ከገጸ ባሕርይዋ ጋር አብሮ ታውሯል፤ ከእሱም ጋር አንባቢው። ዢል ደለዝ በ1967 ስለ ዛኸር ማዞኽ ባሳተመው ጥናት መጠበቅን የዚህ ዓይነቱ ምናብ መሠረት ያደርገዋል። በዚህ ትዕይንትም ጊዜን ከሰዓት ነጥቆ ወደ መጠበቅ የሚለውጠው ጨለማው ነው።

ልብ ማለት የሚገባን ጨርቁ ከወለቀ በኋላም ሥራው እንደማይቆም ነው። በመጀመሪያ ጨለማው ክፍል ይተካዋል። ቀጥሎ የሚተካው ሕግ ነው፤ በግንቡ ያሉ ሴቶች የወንዶቹን ፊት ቀና ብለው እንዳያዩ ይከለከላሉ። በምሳሌያዊ አነጋገር፣ መሸፈኛው ከዓይን ወደ ኅሊና ገብቷል ማለት ይቻላል። ኑሮዋን በማየት የምታገኝ ሴት ዓይኗን ሰብራ መኖርን ትማራለች። ዓይን መስበርን የጨዋነት ምልክት አድርገን ላደግን አንባቢዎች ይህ ሕግ እንግዳ አለመሆኑ ነው የሚያስደነግጠው።

የመሸፈኛው ተቃራኒ በወንዶቹ ላይ ይገኛል። ከመካከላቸው አንዱ ፊቱን በጥቁር ክንንብ ሸፍኗል፤ ዓይኖቹ እንኳ ከጥቁር ስስ መረብ በስተጀርባ ናቸው፤ እጆቹም በጓንት ተሸፍነዋል። እሱ ያያል፤ እሱን የሚያየው ግን የለም። እዚህ ላይ የራሳችን ቋንቋ ያግዘናል። በአማርኛ አንድን ሰው የናቀ ወይም ያገለለ «ፊት ነሣው» ይባላል። ክንንቡ ይህን ፈሊጥ ቃል በቃል ይፈጽመዋል፤ ሰውየው ለኦ ፊት ነሥቷታል። እንግዲህ የዓይን መሸፈኛና ክንንብ አንድ ዓይነት ዕቃዎች አይደሉም። የመጀመሪያው የለባሹን ማየት ሲወስድ ሁለተኛው የለባሹን ፊት ከሌሎች ይሸሽጋል። ክንንብ በገዢው ላይ ሲሆን ሥልጣን ነው፤ በተገዢው ላይ ሲሆንስ?

ልቦለዱ ለዚህ የሚመልሰው በመጨረሻው ትዕይንት ነው። ኦ የጉጉት ጭንብል አጥልቃ፣ በሰንሰለት እየተመራች ወደ አንድ የምሽት ድግስ ትገባለች። እንግዶቹ እየቀረቡ ይመለከቷታል፤ የሚያነጋግራት ግን የለም፤ ከድንጋይ ወይም ከሰም እንደተሠራች ሁሉ። መጀመሪያ ላይ ዓይኗ ተሸፍኖ ሳለ የሚነግራት ሰው ነበር። በመካከሉም በሰር ስቲቨን ቤት ፈቃዷን በቃሏ እንድትገልጽ ትጠየቅ ነበር፤ ያን ቃል ማውጣትም ይከብዳት ነበር። አሁን ታያለች፤ ነገር ግን የሚጠይቃት የለም። በእኔ አስተያየት የታሪኩ ጉዞ ማየትን ከማጣት ፊትን ወደ ማጣት የሚደረግ ጉዞ ነው። በልቦለዱ መጨረሻ በተጠቀሰው ሌላ ፍጻሜም ኦ ሰር ስቲቨን ሊተዋት መሆኑን ስታውቅ መሞትን ትመርጣለች፤ እሱም ይፈቅድላታል። ቀድሞ ፈቃድ ትጠየቅ የነበረችው አሁን ፈቃድ ጠያቂ ሆናለች።

ይህን ልዩነት ማጤን ከልቦለዱም ውጭ ይጠቅማል። እስር ቤት ላየ አንባቢ የተሸፈነ ዓይን ምናብ አይደለም። የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት በ1978፣ በሰሜን አየርላንድ እስረኞችን በምርመራ ጊዜ ራሳቸውን በጆንያ መሸፈንን ጨምሮ አምስቱን የምርመራ ዘዴዎች ኢሰብአዊና አዋራጅ አያያዝ ብሏቸዋል። በ2004 ይፋ የሆኑት የአቡ ግራይብ ፎቶግራፎችም ያንኑ ክንንብ ለዓለም አሳይተዋል። ጨርቁ አንድ ነው። አዋቂዎች ተስማምተው በሚያደርጉት ጨዋታና በምርመራ ክፍል መካከል ያለው ልዩነት ጨርቁን የለበሰው ሰው በአንድ ቃል ሊያስወልቀው መቻሉ ላይ ነው። «የኦ ታሪክ» ለጀግናዋ እንዲህ ያለ ቃል አይሰጣትም። ብርታቱም ሆነ አስፈሪነቱ የሚመነጨው ከዚሁ ይመስለኛል፤ ለዚህም ነው የሶንታግንና የድዎርኪንን ክርክር በአንድ ወገን ፍርድ መዝጋት የሚያዳግተው።

ደራሲዋ ራሷ ለአርባ ዓመታት ያህል በብዕር ስም ተከናንባ ኖራለች። በ1994 መጽሐፉን የጻፈችው እሷ መሆኗን ያመነችው ዶሚኒክ ኦሪ ክንንቧን በገዛ እጇ አወለቀች። ኦ ግን የጉጉቱን ጭንብል ያወለቁላት ሌሎች ናቸው፤ ያውም ጎሕ ሲቀድ፣ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ።

ለተማሪዬ ዛሬ የምሰጠው መልስ ይህ ነው። እጅን ማሰር እንዳታደርግ ይከለክላል፤ ዓይንን መሸፈን ደግሞ እንድትጠብቅ ያደርጋል። ፊትን መሸፈን ግን ከእነዚህ የተለየ ነው፤ ሌላው ሰው መጠየቁን እንዲተው መንገድ ይከፍትለታል። እንዲህ ዓይነት ትዕይንት ስናነብ በቅድሚያ መጠየቅ ያለብን የተሸፈነው ዓይን ነው ወይስ ፊት፣ የሚያወልቀውስ ማን ነው የሚለውን ነው።