ብርድ ይገባል ወይስ ሙቀት ይወጣል?

ለፊዚክስ ባግሩት የምትዘጋጅ አንዲት ልጅ ቤቷ እየሄድኩ አስጠና ነበር። ጥር ወር ነው፣ መሽቷል። ወንድሟ በሩን ሳይዘጋ ወጣና እናቷ ከማድ ቤት ሆነው «ኧረ በሩን ዝጉት፣ ብርድ ገባ!» አሉ። ልጅቷ ከደብተሯ ቀና ሳትል፣ ግማሹን በዕብራይስጥ ግማሹን በአማርኛ፣ «እማ፣ ብርድ የሚባል ነገር የለም፤ ሙቀት ነው የሚወጣው» አለቻቸው። እናቲቱ ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ፤ ያንን ዓረፍተ ነገር ያስተማርኳት እኔ ነበርኩና።

ከዚያ በኋላ የሙቀትን ምዕራፍ እንደገና አነበብኩት። የማወራው ስለ አንድ የታወቀ መጽሐፍ ነው፦ ሲርስና ዜማንስኪ በ1949 ያወጡት፣ ዛሬ በያንግና በፍሪድማን ስም የሚታተመው «ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ»። 17ኛው ምዕራፉ ስለ መጠነ ሙቀት (እናንተ ቴምፔራቱራ የምትሉት) እና ስለ ሙቀት ነው። ሌሎቹ የመግቢያ መጻሕፍትም ከእሱ ብዙ አይርቁም።

መጀመሪያ ምስጋናውን ልስጥ። ምዕራፉ አንድ ነገር አጥብቆ ያስተምራል፦ ሙቀት በዕቃ ውስጥ የተቀመጠ ነገር አይደለም፤ በመጠነ ሙቀት ልዩነት ምክንያት ከአንዱ ወደ ሌላው የሚተላለፍ ኃይል ነው። ዜማንስኪ ይህ ጉዳይ እንቅልፍ ይነሳው የነበረ ይመስላል፤ በ1970 ፊዚክስ አስተማሪዎች «ሙቀት» የሚለውን ቃል እንዴት እንደሚያበላሹት ራሱን የቻለ ጽሑፍ አውጥቷል። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። ብረት ሲሞረድ የሚበተነው ፍንጣሪ ከ1,000 ዲግሪ በላይ ሊሆን ይችላል፣ እጅ ላይ ሲያርፍ ግን ብዙም አይጎዳም፤ 100 ዲግሪ ላይ ያለ አንድ ድስት ውሃ ግን ሆስፒታል ያስገባል። ፍንጣሪው የሚያስረክበው ኃይል ጥቂት ነው፤ አንድ ኪሎ ውሃ ግን በየአንዷ ዲግሪ 4,200 ጁል ገደማ ይሰጣል። ከጥንቱ አስተሳሰብ የቀረ ዝባዝንኬ አሁንም አለ፤ በዕብራይስጥ «ኪቡል ኾም» ስትሉ ዕቃው ሙቀት እንደ ጎተራ የሚይዝ ይመስላል። ራምፎርድ በ1798 መድፍ ሲቦረቦር ሙቀቱ ማለቂያ እንደሌለው አሳይቶ ጎተራውን አፍርሶት ነበር፣ ስሙ ግን ቀረ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ምዕራፉ ሲጀምር ስለ መዳሰስ ያነሳና «የስሜት ሕዋሳት ይታለላሉ» ብሎ ወደ ቴርሞሜትር ይሄዳል። እኛ አስተማሪዎች ደግሞ ይህንን እናጋንነዋለን። ሳሎኑ ውስጥ ባላታውና ምንጣፉ ሁለቱም 18 ዲግሪ ናቸው፤ ተማሪው በባዶ እግሩ ባላታው ላይ ቆሞ «ይሄ ይበልጥ ይቀዘቅዛል» ይላል፤ እኛ «ተሳስተሃል፣ እኩል ናቸው» እንለዋለን። እግሩ ግን አልተሳሳተም። እግር ቴርሞሜትር አይደለም፤ የሚለካው ሙቀት ምን ያህል ፈጥኖ ከቆዳው እንደሚወጣ ነው። ባላታ ከምንጣፍ ይልቅ ፈጥኖ ይወስዳል። ልጁ የለካው ነገር በዚያው ምዕራፍ መጨረሻ፣ በ17.7 ላይ፣ ሙቀት ሲተላለፍ የሚለው ርዕስ ሥር ቁጥር ተሰጥቶት ይመጣል። መጀመሪያ ላይ ያሾፍንበትን መጨረሻ ላይ በቀመር እናስተምረዋለን።

እዚህ ላይ አማርኛችን ይረዳል። «በረደኝ» እና «ቀዝቃዛ ነው» ሁለት የተለያዩ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው መጨረሻ ላይ ያለችው «ኝ» የምትናገረው በእኔ ላይ ስለደረሰው ነው፤ ሁለተኛው ስለ ዕቃው ነው። «በረደኝ» የሚለው ሰው አይሳሳትም፤ ስህተት የሚመጣው ከ«በረደኝ» ተነስቶ «ስለዚህ ዕቃው ይበልጥ ቀዝቃዛ ነው» ሲል ነው። ትኩሳትም እንዲሁ፦ ዕብራይስጥ ለሕመሙም ለፊዚክሱም «ኾም» ይላል፣ አማርኛ ለይቷል። ግን ቋንቋችንን ብቻ ላወድስ አልመጣሁም። «መጠነ ሙቀት» የሚለው ቃላችን ራሱ መጥፎ ነው፤ «የሙቀት ብዛት» ያስመስላል፣ መጠነ ሙቀት ደግሞ ያልሆነው በትክክል እሱን ነው። እዚህ ላይ «ቴምፔራቱራ» በሉ፣ አልቀየምም።

ወደ በሩ እንመለስ። ብርድ የሚባል ቁስ እንደሌለ እውነት ነው። ግን በሩ ሲከፈት ምን ሆነ? ከብዶ የተቀመጠው የውጭው ቀዝቃዛ አየር በታች በኩል ገባ፣ የቤቱ ሙቅ አየር በላይ በኩል ወጣ። ይህ በአየር እንቅስቃሴ የሚሆን ማስተላለፍ ነው፤ መጽሐፉም ከሦስቱ መንገዶች አንዱ አድርጎ ያስቀምጠዋል። በሩ ተዘግቶ ሙቀት በግድግዳው ቢወጣ ኖሮ ልጅቷ ትክክል ነበረች። በሩ ተከፍቶ ግን እናቲቱ ትክክል ነበሩ፤ ገባ፣ በእግራቸው አወቁት።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ስለ መለጠጥ ነው። ቀመሩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፦ ርዝመት፣ ሲባዛ የቁሱ ቁጥር፣ ሲባዛ የዲግሪው ለውጥ። ከዚያ የባቡር ሐዲድ ጥያቄ ይመጣል። 1 ኪሎ ሜትር ብረት 40 ዲግሪ ሲሞቅ 48 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ተማሪው መልሱን ከሥሩ ያሰምርበትና ያልፋል። ግን የዛሬ ሐዲድ ብዙውን ጊዜ ተበይዶ የተያያዘ ነው፣ በየመሐሉ ክፍተት የለውም፣ ከመሬቱም ጋር ታስሯል። 48 ሴንቲ ሜትሩ የት ሄደ? የትም፤ ሐዲዱ መርዘም ስለተከለከለ ውስጡ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ አንድ ቶን ገደማ ግፊት ተፈጠረ። በሐሩር ቀን ሐዲድ የሚጣመመው በዚህ ነው። መጽሐፉ ይህን በ17.4 መጨረሻ ላይ ያነሳዋል፤ ጊዜ ሲያጥር ግን መጀመሪያ የምንዘለው እሱን ነው። እኔም ዘልዬዋለሁ። ለእኔ የክፍሉ ፍሬ ነገር እሱ ነው፦ ዕቃ የሚሰበረው ስለረዘመ ወይም ስላጠረ አይደለም፣ ሊረዝም ወይም ሊያጥር ፈልጎ ስለተከለከለ ነው።

ይህን ለማስተማር ከሐዲድ ይልቅ ምጣድ ይሻለኛል። በጎንደር በኩል፣ በወለቃ መንደር፣ ሸክላ ሥራ የቤተ እስራኤል ሴቶች ሙያ ነበር። የጋለ የሸክላ ምጣድ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ እንደማይፈስ የማያውቅ የለም። አዲስ ምጣድም ወዲያው ኃይለኛ እሳት ላይ አይጣድም፤ ቀስ እያለ ይሟሻል፣ የመጀመሪያዋ እንጀራም ማሟሻ ትባላለች። (በነገራችን ላይ ጎንደር ከፍታው ከ2,000 ሜትር ስለሚበልጥ ውሃ እዚያ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው። «ውሃ በ100 ይፈላል» የሚለው የባሕር ዳርቻ ሰው ዕውቀት ነው።)

በሚቀጥለው ጥናት ለልጅቷ ጥያቄ ሰጠኋት፦ ሸክላ ሙቀት በፍጥነት አያስተላልፍም፤ የጋለ ምጣድ ላይ ውሃ ሲፈስ ለምን ይሰነጠቃል? ቀመሩን ጻፈች፣ «ያጥራል» አለች፣ ቆመች። «ሁሉም እኩል ቢያጥር ለምን ይሰነጠቃል?» አልኳት። መልስ አጣች። ቀስ ብላ ተነስታ ማድ ቤት ገባችና እናቷን ጠየቀቻቸው።

እናቷ ሊጡን እያማሰሉ «ላዩ ቀድሞ ይበርዳላ» አሉ። «ላዩ ሊሰበሰብ ይላል፤ ሥሩ ገና እሳት ነው፣ አይለቀውም።»

ልጅቷ ተመልሳ ተቀመጠች፤ «አይለቀውም» የሚለውን በዕብራይስጥ እንዴት እንደምትጽፈው እኔን ጠየቀችኝ።