ጥለት ከጨርቅ ወደ ግድግዳ፦ የልደታ የገበያ ሕንጻ ሲነበብ

በአማርኛ «ጥበብ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይጠራል። አንደኛው ዕውቀትና ኪነት ነው፤ ሁለተኛው ሸማኔ በቀሚስና በነጠላ ጠርዝ ላይ በቀለም ክር የሚያወጣው ጌጥ፣ ማለትም ጥለት ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ አዲስ አበባ ልደታ የቆመውን የገበያ ሕንጻ ግድግዳ ከዚህ የቃል ዝምድና አንጻር መመርመር ነው።

ሕንጻውን የነደፈው ባርሴሎና የሚሠራው አርክቴክት ዣቪዬር ቪላልታ ነው። ቪላልታ በከተማው የተለመደውን የመስታወት ግድግዳ ትቶ፣ እየተደጋገሙ በሚሄዱ ቅርጾች በተበሳ ተገጣጣሚ ኮንክሪት ሕንጻውን አልብሶታል። የቅርጾቹ ምንጭ የኢትዮጵያ ባህላዊ ጨርቅ መሆኑንም ራሱ ገልጿል።

ቅርጽ ከአንድ ኪነት ወደ ሌላው ሲሻገር ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ካዚሚር ማሌቪች ጥቁር አራት ማዕዘኑን ለተመልካች ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1915 ነው። በ1919 ቫይማር የተከፈተው የባውሃውስ ትምህርት ቤት ጂኦሜትሪያዊውን ቅርጽ ወደ ወንበር፣ ወደ ፊደልና ወደ ሕንጻ አስገባው፤ አኒ አልበርስም ሽመናን የተማረችው እዚያ ነው። በ1965 ደግሞ ኢቭ ሳን ሎራን የፒየት ሞንድሪያንን መስመሮች ቀሚስ አደረጋቸው። እዚያ ቅርጹ ከሸራ ወደ ጨርቅ ሄደ፤ ልደታ ላይ ግን ከጨርቅ ወደ ግድግዳ ወጣ።

በአገራችን ረቂቅ ሥዕል ሲነሣ አስቀድሞ የሚጠቀሰው ኮሎኝ የተማረው ሠዓሊና ገጣሚ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ነው። ይሁን እንጂ የእርሱ ረቂቅነት ከማስመሪያ ይልቅ በቀለምና በስሜት ያድራል። ስለዚህ የልደታው ግድግዳ ዘር የሚቆጠረው ከሠዓሊ ሸራ ሳይሆን ከሸማኔ ጉድጓድ ነው።

ከዚህ በመነሣት «ሸማኔዎቻችን ሞንድሪያንን ቀድመውታል» የሚል ሊኖር ይችላል። አባባሉ ደስ ቢልም አያስኬድም። ሞንድሪያን መስመሩ ከማናቸውም ነገር ተላቆ ራሱን ችሎ እንዲቆም ይፈልግ ነበር። የሸማኔው ቅርጽ ግን ከድርና ከማግ ቆጠራ ይወለዳል፤ የሚኖረውም በሰው ገላ ላይ ነው። ለዚህ ነጠላ ጥሩ ምስክር ነው። በአዘቦት ቀን ጥለቱ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሐዘን ሲሆን ነጠላው ተዘቅዝቆ ጥለቱ ወደ ፊት ይጠጋል። ክሩም ቀለሙም አልተለወጠም፤ የተለወጠው ቦታው ብቻ ነው፤ ትርጉሙ ግን ሌላ ሆነ። በሥነ ጽሑፍ ትምህርት ዐውድ የምንለው ይኸው ነው።

ታዲያ በኮንክሪቱ ላይ የቀረው ምንድን ነው? ጥለት ጠርዝ ነበር፤ እዚህ ግን ሙሉ ገላ ሆኗል። ነጩ ሜዳ ስለሌለ ጌጡን ጌጥ የሚያደርገው ንጽጽር ጠፍቷል። በሌላ በኩል ብሱ ሥራ ይሠራል፤ የፀሐዩን ግለት ያበርዳል፣ ነፋስ ያስገባል፣ ብርሃኑን ከፋፍሎ ወደ ውስጥ ይሰዳል። ስለዚህ ሕንጻው መመስገን የሚገባው «ኢትዮጵያዊ መልክ» ስለያዘ ሳይሆን ቅርጹ ለአየሩ ጠባይ መልስ ስለሰጠ ነው። መልክ ብቻውን ግድግዳ ላይ እንደተለጠፈ ጥቅስ ይሆን ነበር።

አንድ ጥያቄ ግን ይቀራል። የልደታ አሮጌ ሰፈር በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ፈርሶ ቦታው ለኮንዶሚኒየምና ለንግድ ሕንጻዎች ውሏል፤ ጥለቱን ለብሰው በእድር ድንኳን ሥር ይቀመጡ ከነበሩት ነዋሪዎች ብዙዎቹ ወደ ሌላ ሰፈር ሄደዋል። የልብሳቸው ቅርጽ ግን እዚያው ቆሟል። ነጠላ ቢሆን ለዚህ ዐይነቱ መለያየት ይዘቀዘቅ ነበር፤ ግድግዳ ግን አይዘቀዘቅም። ጥለት ወደ ሕንጻ ሲሻገር ያጣው ትልቁ ነገር ይህ ነው። ወደፊት ጥበብን ከጨርቅ ለሚዋሱ ነዳፊዎችም ሆነ ሥራቸውን ለሚመዝኑ ኀያስያን መለኪያ ሊሆን የሚገባው፣ ቅርጹ ከየት መጣ የሚለው ብቻ ሳይሆን፣ ማን ለብሶት ነበር የሚለውም ነው።